ለቅሷችንን ስላጠኑልን

ለክቡር የወይራ አፋፍ ከተማ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ ይብዛ፣ ወንበርዎ ይርጋ፣ ማኅተምዎ ቀለም አይጣ። ከኮሶዬ ወዲያ በብርዱ ያለን ነዋሪዎች፣ ከዕቅድዎ በተረፈው ቦታ ላይ፣ ደኅና ነን። በአደባባይ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ፤ ወደ ቢሮዎ ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች ሁሉ በጥናት ላይ ናቸው ስለተባልኩ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ቆጠራው ላመስግን። አባቴ ካቻምና ግንቦት ዐረፉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በድንበር የተጣሉ ገበሬዎችን ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ስለነበሩ፣ ከማክሰኝት እስከ አይከል «አያ አስናቀው» የሚላቸው ሁሉ፣ ከሳሹም ተከሳሹም፣ ሊያለቅስ መጣ። ቤታችን ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ በሚሄደው ጠባብ መንገድ ጫፍ ላይ ነበር። ከደጃችን ወዲያ ገደል ስለሆነ፣ በአዘቦት ቀን ከእኛና ከፍየሎቻችን በቀር የሚያልፍበት አልነበረም።

ሁለት ባለሙያዎችዎ የሰው እንቅስቃሴ ሊቆጥሩ የመጡት በዚያው ዕለት ነው። ጎረቤታችን ትዕዛዙ ለቀስተኛ መስለውት ድንኳን አስገብቶ ንፍሮ አቀረበላቸው። በልተው ሲወጡ «እግዜር ያጥናችሁ» አሉን። እኛም አሜን አልን፤ ለካ እነሱ አስቀድመው አጥንተውናል።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥናቱ ጥራት። ክረምቱ ሲወጣ ዕቅዱ በማስረጃ የተደገፈ መሆኑን ባለሙያዎችዎ በከተማው አዳራሽ ሰብስበው በኩራት ነገሩን። እንደ ጥናቱ የእኛ መንገድ በከተማው እጅግ የተጨናነቀው ነው። የለቅሶው ድንኳን «ጊዜያዊ የንግድ መጠለያ»፣ መሬት ላይ የተቀመጠው ሕዝብ «የተሳፋሪ መቆያ እጥረት»፣ የአክስቴ የአዛለች ሙሾ ደግሞ «የድምፅ ብክለት» ተብለዋል። ስለዚህም ቤታችን ፈርሶ መናኸሪያ እንዲሠራበት ተወሰነ። አክስቴ በበኩሏ፣ ድምፄ ገና አልደከመም ማለት ነው ብላ ተጽናንታለች።

ሦስተኛውን ቁጥር ትቼ ያየሁትን ልናገር። እናቴ የትነበርሽ በአዳራሹ ተነሥተው፣ «ልጆቼ፣ ያ ሁሉ ሰው እኮ ባለቤቴን ሊቀብር ነው የመጣው» አሉ።

ባለሙያው በትሕትና መለሱላቸው። «እማማ፣ ለምን እንደመጡ ጥናታችንን አይመለከተውም። መምጣታቸው ነው ማስረጃው።»

«ታዲያ ደግመው እንዲመጡ ማን ይሙትላችሁ?» አሉ እናቴ።

አዳራሹ ሳቀ። እናቴ አልሳቁም። ክቡርነትዎም አልሳቁም፤ ስልክዎን እየተመለከቱ ነበር። ለሰጡን ትኩረት ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ቤቱ በጥር ፈረሰ። አባቴ በእጃቸው የካቡት የድንጋይ አጥር ሲናድ እናቴ ቆመው አዩ። አላለቀሱም። «የስንቱን ድንበር አስከብሮ፣ የራሱን የሚያስከብርለት አጣ» ብቻ አሉኝ። ዛሬ ከእኔ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል ይኖራሉ፤ ምትክ ቦታው፣ እንደሚያውቁት፣ በጥናት ላይ ነው።

መናኸሪያው ግን ደርሶ፣ ሪባኑ ተቆርጦ ተመረቀ። ሾፌሮቹ ዛሬም የሚጭኑት ከዋናው መንገድ ዳር ነው። አንዱን ምነው አትገባም ብዬ ብጠይቀው፣ «እኔ የምጭነው ደባርቅ የሚሄድ ሰው ነው፤ ሰማይ ቤት የሚሄድ አይደለም» አለኝ።

በዚህ ኅዳር እናቴ ከእርሻችን የገባውን ገብስ አስይዘውኝ ወደዚያው ሄድን። ኮንክሪቱ ላይ ሊያሰጡት ሲሉ ጥበቃው፣ «እማማ፣ እዚህ እህል ማስጣት በዕቅዱ የለም» አላቸው።

እናቴ ባዶውን ሜዳ አዩት። «እዚያ ጋ ማድቤቴ ነበር። ይኸ አልጋችን የነበረበት ነው። እሱ የሞተው እዚህ ነው» አሉት። «እስቲ የቱ ጋ ላስጣው?»

ጥበቃው ከረጢቱን ከትከሻዬ ተቀብሎ፣ ማድቤቱ በነበረበት በኩል ዘረገፈላቸው። ከጽሕፈት ቤትዎ ያገኘነው የመጀመሪያው ምትክ ቦታ እሱ ነውና፣ ሰውየው ደመወዝ ይጨመርለት ዘንድ አመለክታለሁ።

ክቡርነትዎ በሄዱበት ሁሉ መንገድ እንዲሰፋልዎ፣ የሰው ቤት ግን እንዳይነካ እየተመኘሁ፣

በአባቷ ቀብር ዕለት «መንገደኛ» ተብላ የተቆጠረችው፣
እስከዳር አስናቀው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጎረቤቶቻችንም ገብሳቸውን ይዘው ስለመጡ፣ መናኸሪያው ከተሠራ ወዲህ ገና አሁን ሰው አይቷል። ባለሙያዎችዎ ለአፈጻጸም ሪፖርቱ ቶሎ ቢደርሱ መልካም ነው። ገብሱን «ተሳፋሪ» ብለው ቢመዘግቡትም የሚያስተባብል የለም፤ እንደ እኛው ሁሉ፣ ሲቆጥሩት ዝም ይላል።