ጥላ ማለፍ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሊገባ ባለበት ሰሞን

ለናፈቅሽን ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደኅና ነን። የእናትሽ ጉልበት ደኅና አይደለም፤ እሷ ግን «ደኅና ነው» ስላለች በቤታችን አሠራር ጉዳዩ ተዘግቷል። ይግባኝ የለም። ዳኛ ያገባ ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት።

የምጽፍልሽ ስለ ዋንጫው ነው። የስፖርት ጽሕፈት ቤቱ የክልላችንን የሴቶች ዋንጫ ታሪክ ጻፍልን ብሎኝ ጻፍኩለት። በጣም የታረመ ጽሑፍ ነው፤ ስታነቢው ማንም ሰው ላብ ያላበው አይመስልሽም። ያልታረመውን ላንቺ አስቀርቻለሁ።

ሲጀመር አንቺ ገና በዳዴ ነበርሽ። እናትሽ በስፌት ፋብሪካው የስፌት መኪና ጠጋኝ ነበረች፤ ሴቶቹ በምሳ ሰዓት በጨርቅ ቁርጥራጭ የተጠቀጠቀች ኳስ ሲራገጡ አይታ ውድድር ላዘጋጅ አለች። ሜዳ ልትጠይቅ ሄደች። የያኔው የስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ በትሕትና ተቀብለው ሜዳው እያረፈ ነው አሏት። ከምን እንደደከመ አልገለጹም። የወንዶቹን ቡድን ጨዋታ ላየ ሰው፣ የደከመው ተመልካቹ እንጂ ሜዳው አልነበረም።

ስለዚህ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ተጫወቱ። መረብ ስላልነበረ ከግቡ ኋላ አንሶላ ተሰቀለ። ገባ አልገባም የሚል ጭቅጭቅ ሲነሣ ዳኛዋ እናትሽ ፊሽካዋን በጥርሷ ነክሳ ሄዳ አንሶላውን ትመረምራለች፤ ጭቃ ካለበት ግብ ነው። የልብስ አጣቢዎቹ ቡድን በረኛ ግብ በተቆጠረባት ቁጥር እንባ ይተናነቃት ነበር። ሰዉ ለቡድኗ ተቆርቁራ ይመስለው ነበር፤ እሷ ግን ሰኞ አንሶላውን የምታጥበው ማን እንደሆነች እያሰበች ነበር።

ዋንጫውን አንድ ቧንቧ ሠራተኛ ከተበላሸ የውሃ ማሞቂያ መዳብ ቀጥቅጦ ሠራው። የቧንቧው ቀዳዳ በቡሽ ቢወተፍም እስከ ዛሬ ያፈሳል። የኛ ሻምፒዮኖች በዓለም ላይ ከዋንጫ ሲጠጡ ጫማቸው የሚርስ ብቸኞቹ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ከእናትሽ ጋር የተጣላነው በሚቀረጸው ጽሑፍ ነው። እኔ አራሚ ነኝ፤ ዕድሜዬን በማተሚያ ቤት ነጠላ ሰረዝ ሳሳድድ የኖርኩ ሰው። «የሴቶች ጥሎ ማለፍ ዋንጫ» ብዬ ጽፌ ሰጠኋት።

አነበበችውና «ጥሎ የሚያልፈው ማነው?» አለች።

ማንም አይደለም፣ የጸና ስም ነው፣ በጾታ አይለወጥም ብዬ አስረዳኋት። በረጅሙ አስረዳኋት።

«ሴት ጥሎ አታልፍም» አለች። «ሴት ጥላ ነው የምታልፈው።»

በሰዋስው እኔ ልክ ነበርኩ። ልክ መሆኔ እስከ ዛሬ ምንም አልፈየደልኝም። ዋንጫውም ማስታወቂያውም «የሴቶች ጥላ ማለፍ» ተባለ።

ሰዉ ደግሞ እንደሚያነበው አነበበ። ለመጀመሪያው የፍጻሜ ጨዋታ፣ ደመና በሌለበት ቀን፣ ግማሹ ተመልካች ያለ ጥላ አይገባም መስሎት ጥላውን ይዞ መጣ። ፀጉር አስተካካዩ የራሱ ስላልነበረው የሚስቱን፣ ሮዝ ሆኖ አበባ ያለበትን፣ እንደ ባለሥልጣን በትር ቀጥ አድርጎ ይዞ ከፊት ቆመ። አጣቢዎቹ ተሸነፉ። አንገታቸውን ደፍተው በዚያ ሐሩር ሲወጡ ፀጉር አስተካካዩ ሮዟን ጥላ ዘረጋና ከበረኛዋ ራስ በላይ ያዘላት።

«እለፊ እንጂ» አላት። «ጥላ ማለፍ አይደል የተባለው?»

ቀልዱን ነበር። ጎኑ ያለው ግን የራሱን ዘረጋ፣ ቀጥሎ ያለውም፤ ሁለት ረድፍ ሆነ፤ ተሸናፊዎቹ እንባና ሳቅ እየተቀላቀለባቸው ከሥሩ አለፉ። ከዚያ ወዲህ ወግ ሆነ። አሸናፊዎቹ ጥላ ይይዛሉ፤ የመጨረሻውን ጥላ ዳኛዋ ትይዛለች፤ የተጣለችው ታልፋለች። በሌላው አገር ጥሎ የሚያልፈው አሸናፊው ነው። በኛ ሁለቱም ያልፋሉ። አንድ የፊደል ግትርነት ይህን ያህል ደግነት ሲወልድ በሙያዬ ሌላ አላየሁም፤ አርሜው ቢሆን ኖሮ ምን እንደምናጣ ሳስብ እስክሪብቶዬን እፈራዋለሁ።

አሁን ያንቺን ጨዋታ ማንሣት ግድ ይሆንብኛል። ታሪክ እጽፋለሁ ብሎ አንዱን ዓመት መዝለል አይሆንማ። የነርሶቹ ቡድን አምበል ነበርሽ፤ እንዳንቺ ያለ ተከላካይ ያ ሜዳ ዳግመኛ አላየም፤ ይህን በጠላትሽም አፍ ሰምቻለሁ። አንድ ለአንድ ነበራችሁ፤ ሊያበቃ ሲል የፋብሪካው አጥቂ መታች፣ አንቺ ተወረወርሽ፣ ፊሽካው ጮኸ። በእጅ።

«እማዬ፣ አልነካኝም» አልሽ።

«ሜዳ ላይ እማዬ የለም» አለች።

ፍጹም ቅጣት ምቱ ገባ። ያሸነፈው የእናትሽ ፋብሪካ ነበርና ሰዉ በየጥጉ ተንሾካሾከ፤ አንቺ ደግሞ ሳትንሾካሾኪ ለፋብሪካሽ አዳላሽ አልሻት። ጓደኞችሽ ከጥላው ሥር አለፉ። አንቺ በመልበሻ ክፍሉ ኋላ ዞረሽ ወጣሽ። እናትሽ ከረድፉ መጨረሻ ጥላዋን ዘርግታ ቆማ ነበር፤ ሌላው ሁሉ አጥፎ ከሄደ በኋላም ቆማ ነበር። ሩቅ አገር ሥራ ተገኘልሽና ሄድሽ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤዎችሽ ለኔ ይመጣሉ፤ «ለእናቴም ሰላምታ» የሚለው መስመር ከግርጌ እንደ መሥሪያ ቤት ግልባጭ ይደርሳታል።

ባለፈው ሳምንት ጽሕፈት ቤቱ ስብሰባ ጠራን። ውድድሩን ሊረከብ ነው፤ የማያፈስ የብር ዋንጫ ሊያሠራም ነው። አዲሱ ኃላፊ ጨዋ ልጅ ነው። «እትዬ፣ ስሙን ግን እናስተካክለው፤ ሰው ይስቅብናል» አለና ባለሙያው እዚህ አሉ ብሎ ወደኔ ዞረ። ምን ላድርግ? በሰዋስው ልክ ነው አልኩ። እናትሽ አየችኝ። ቢጫና ቀይ ካርዶቿ ቤት መቅረታቸው በጀኝ።

ከዚያ ጉልበቷን ይዛ ተነሣች። መቼም ስትናገር ታውቂያታለሽ፤ ቃል አታባክንም።

«ስሙን ማስተካከል ትችላላችሁ» አለች። «ግን ይህ ዋንጫ ከተጀመረ ወዲህ፣ ተሸንፋ ከጥላው ሥር ሳታልፍ የወጣች ሴት የለችም።»

ሊጨበጨብ ነበር። እጇን አነሣች፤ ጥፋት ስታይ እንደምታነሣው።

«አንዲት አለች» አለችና ተቀመጠች።

ማንነቷን የጠየቀ የለም። ኃላፊው ወረቀቱን ሲያገላብጥ ቆይቶ ስሙ ባለበት ይቆይ አለ፤ ሌላም የሚያነሣው ነገር ስላጣ ስብሰባው ተበተነ። እኔ በቤት ውስጥ ስንት ዓመት ስፈልገው የኖርኩትን ዓረፍተ ነገር፣ ሰው በተሞላ አዳራሽ ውስጥ ሰማሁት።

ወደ ቤት ስንመለስ ታዲያ ተሳስተሽ ነበር ማለት ነው ወይ አልኳት።

«ነክቷል» አለች። «እሱ ሌላ፣ ጥላው ሌላ።»

ስለዚህ በፍርዱ ላይ የምትጠብቂው ነገር ካለ አትጠብቂ። ትናንት ግን ያንን ጥላ ከበሩ ጀርባ አውርዳ፣ የተሰበረውን ሽቦ በስፌት መኪና ሽቦ ስትተካ አየኋት። ከዚያ ቀን ወዲህ ተዘርግቶ አያውቅም፤ በየዓመቱ የምትይዘው የሰው ነው። ጻፍላት አላለችኝም። የፖስታ ቤቱ መንገድ ተጠግኗል ወይ ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። መንገዱ ተበላሽቶ አያውቅም።

የዘንድሮው ፍጻሜ የወሩ የመጨረሻ እሑድ ነው። እናትሽ ስትዳኝ የመጨረሻዋ ነው፤ ጉልበቷ እምቢ ብሏል፣ ይህን ከእኔ እንዳልሰማሽ ሁኚ። ነርሶቹ ለፍጻሜ ደርሰዋል። ያሸንፋሉ የሚላቸው የለም። ቢሸነፉ ቀድሞ የተጫወተች ከእነሱ ጋር ማለፍ ትችላለች ወይ ብዬ ደንቡን አገላበጥኩ፤ የሚከለክል አንቀጽ አላገኘሁም። ደንቡን የጻፈችው እናትሽ ናት፤ እሷ ደግሞ ሳታስብበት የዘለለችው ነገር የለም።

የወጣሽበት ደጅ በደግ ይመልስሽ። በሥራሽ የሰው መውደድ ይስጥሽ፣ እጅሽ የነካው ሁሉ ይዳን፤ ይህን የምመርቅሽ በነርስነትሽ ነው፣ ስለ እጅ ሌላ ነገር እንዳትፈልጊበት።

ያን ቀን እዚህ ዝናብ አይጠፋም። ጥላ ይዘሽ አትምጪ።

አባትሽ፣ አራሚው