የትምህርት አሥራ አራት ምሳሌዎች

ከልጅነቴ ጀምሮ ለማውቅሽ ጓደኛዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ ከደረጃ ጋር ታረቀ ወይስ እንደተኳረፉ ናቸው? ሳልሽስ? ልጅሽ ባለፈው ስትደውልልኝ ሐኪሙ መድኃኒቱን ለወጠላት ብላኝ ትንሽ ተንፈስ ብዬ ነበር። የእኔን ከጠየቅሽ ጤናዬ ደህና ነው። አንድ ቦታ መርጋት ነው ያቃተኝ። ይህን ደብዳቤ ስጀምረው አራተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን ቀደድኩት። ሁለተኛውን ጀምሬ ተነሳሁና ንጹሑን መስኮት ስወለውል ዋልኩ። ሦስተኛው ላይ ስድብ አመለጠኝ። በዚህኛው ስድቡን አውጥቼዋለሁ፤ የተረፈ ካለ ይቅር በይኝ።

ስለ ባለቤቴ ሳልነግርሽ የቆየሁት ብዙ ነው። ግራ ዓይኑ ከጠፋ ዓመት ሊሞላው ነው። ቀኙም እየከዳው ሄዶ፣ አሁን የሚያየው ጠዋት ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ሲቀመጥ ነው፤ እሱም ቀለምና የሰው ቅርጽ ብቻ። ሐኪሟ ባለፈው ሳምንት ለብቻዬ ጠርታኝ፣ ይህም ብርሃኑ ከሦስት ወር በላይ ይቆያል ብላችሁ ተስፋ አታድርጉ አለችኝ። እኔ ለእሱ አልነገርኩትም፤ እሱም የሚያውቀውን አልነገረኝም። እንዲህ ተደባብቀን ቁርሳችንን እንበላለን።

ሥራ ከፈታ እንደሚታመም ታውቂያለሽ። ከመምህርነቱ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የሩሲያኛ መማሪያ መጽሐፌን ጽፌ እጨርሳለሁ ሲል ኖሮ፣ ዓይኑ ሲያስቸግረው ጊዜ እኔ ጸሐፊው ሆንኩ። ሠላሳ ዓመት ቢሮ ውስጥ የተየብኩ ሰው እኮ ነኝ! በኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ የሩሲያ ፊደል ያለበት ተለጣፊ ለጠፍን። እሱ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ፊደል በፊደል ይነግረኛል፣ እኔ እመታለሁ። የቢሮ አመሌን አትረሺውም፤ የሥራ አስኪያጁን ደብዳቤ ሁሉ ስመታ ኖሬ አንድም ቀን ምን እንደሚል አላነበብኩም። ጣቴ ይሠራል፣ ሐሳቤ ገበያ ይወጣል። ባለቤቴም ይህንኑ አመሌን ተማምኖ ነበር ሳይሰጋ የሚነግረኝ።

እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ አንድ የጅል ሐሳብ ገባኝ። በራሱ መጽሐፍ ተምሬ፣ ያለቀ ዕለት በሩሲያኛ እንኳን ደስ አለህ ልለው። ከሰዓት በኋላ እሱ ጋደም ሲል፣ የመታሁትን እያተምኩ ከትምህርት አንድ ጀምሮ ማጥናት ያዝኩ። እውነቱን ልንገርሽ? ቋንቋው ድሮም ያስቀናኝ ነበር። አንቺና እሱ ከዚያ ከበረዶ አገር ከሩሲያ ተምራችሁ ስትመለሱ፣ እኔ ተቀምጬ በሩሲያኛ ትቀልዱና ትርጉሙን ስጠይቃችሁ፣ ሲተረጎም አያስቅም ትሉኝ ነበር። እኔም አብሬያችሁ እስቅ ነበር፣ በምን እንደምስቅ ሳላውቅ።

እስከ አሥራ ሦስት ድረስ ያለው ትምህርት ደረቅ ነው። እርሳሱ ጠረጴዛው ላይ ነው። መሐንዲሱ ፋብሪካ ሄደ። እንዲህ እንዲህ እያለ ትምህርት አሥራ አራት መጣ፤ የሚታየውን፣ የሚጠበቀውን፣ የሚወደደውን ነገር መግለጽ። እኛ «ን» ጣል አድርገን እናልፈው የለ? እነሱ ለካ ስሙ ሲለወጥ ቅጽሉንም መጨረሻውን ያስለውጡታል፤ ለሴት አንድ ዓይነት፣ ለወንድ ሌላ። እንደ ጠረጴዛ ያለ ነፍስ የሌለው ወንዴ ስም ሲሆን ግን እንዳለ ይተዉታል። ይህን ስረዳ ብቻዬን ሳቅሁ። ጠረጴዛ ቢያዩት ባያዩት ያው ጠረጴዛ ነው፣ ሰው ግን ሲታይ ይለወጣል ማለት ነው አልኩ። ከዚያ ምሳሌዎቹን ማንበብ ጀመርኩ።

አብዛኞቹ «ቪዡ» ብለው ይጀምራሉ፤ «አያለሁ» ማለት እንደሆነ ለአንቺ አይነገርም። ረጅም ሴት አያለሁ። ግራጫ ካፖርት አያለሁ። ቢጫ ጃንጥላ አያለሁ። አሮጌ ድልድይ ላይ ቆሜ አንዲት ረጅም ሴት እጠብቃለሁ። ከግራ ቅንድቧ በላይ ያለውን ትንሽ ጠባሳ አስታውሳለሁ።

እኔ አጭር መሆኔን መቼም ማስረዳት አያስፈልገኝም። ያን ጠባሳ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ቁልቁለቱ ላይ ብስክሌቱን የነዳሁት እኔ ነኝ፤ ከኋላዬ ተቀምጠሽ ፍሬን ያዢ እያልሽ የጮኽሽው አንቺ ነሽ።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ተነስቼ ነበር። ማድቤት ገባሁ፣ ለምን እንደገባሁ ጠፋኝ፣ ተመለስኩ።

ከሃያው ምሳሌ ውስጥ ራሴን ፈለግሁ። አሥራ ስድስተኛው ላይ አገኘሁት፤ «ደግ ሚስቴን አከብራለሁ» ይላል። ከላዩ «አዲስ ካልሲ እገዛለሁ» አለ፣ ከሥሩ «ሰፊ ጠረጴዛ እፈልጋለሁ» አለ። በካልሲና በጠረጴዛ መሀል ደግ ሆኜ ተቀምጬልሻለሁ። ቀናሁ። በስድሳ አራት ዓመቴ እንደ ኮረዳ ቀናሁብሽ። ሁለት ቀን ሙሉ ቤት ውስጥ እየዞርኩ የዕቃ ቦታ ስለዋውጥ ሰነበትኩ። ማየት የተሳነው ሰው ባለበት ቤት ዕቃ ማዘዋወር ነውር ነው፤ በሁለተኛው ቀን በርጩማው ሲያደናቅፈው አይቼ ሁሉንም ወደ ቦታው መለስኩት። ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን በሁለት ቀን ነቀዘ።

እርማት ስናደርግ የመታሁትን ፊደል በፊደል አነብለታለሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሃያው ሲያልቅ፣ ሃያ አንደኛ አድርጌ የራሴን ጨመርኩ። «ይህችን ረጅም ሴት አውቃታለሁ» የሚል ነው። ፊደል በፊደል አላነበብኩትም፤ ሰው እንደሚናገር ነው ያልኩት።

ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ቅጽሉ አልተለወጠም አለኝ! ሴቲቱን ከለወጥሽ ረጅሟንም መለወጥ አለብሽ ብሎ፣ ትክክለኛውን መጨረሻ ፊደል በፊደል ነገረኝ። አስተካክዬ መታሁት።

ከየትኛው ትምህርት ጀምሮ እንደገባኝ ጠየቀኝ። ከመጀመሪያው አልኩት። እንግዲያው ሁሉንም አጥፊና እርሳስና ወረቀት አድርጊው አለኝ። አላጠፋም አልኩት፤ ተማሪዎቹ ቢያንስ አንድ ትምህርት እንኳ ነፍስ ያለው ይግጠማቸው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፣ መውደዱን ነግሮሽ ያውቅ እንደሆነ። አልነገርኳትም አለ። «እሷ ታጭታ ነበር፣ ኋላም አንቺን አስተዋወቀችኝ፣ አንቺን ወደድኩ» አለኝ። አምኜዋለሁ፤ አርባ ዓመት አብሬው ስኖር ውሸት ሲያወራ ጆሮው እንደሚቀላ አውቃለሁ፣ አልቀላም። ግን ይቆረጥመኛል። እኔን ወዶ፣ አንቺን ያያል።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ አንቺም ትዝ አልሽኝ። ትጠይቂኝ የነበረው ሁልጊዜ እኔ ፈቃድ ወስጄ ቤት ስውል፣ እሱ ትምህርት ቤት በሚሆንበት ሰዓት ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲል ቦርሳሽን ታነሺያለሽ፤ አውቶቡስ ያመልጠኛል ትያለሽ። አውቶቡሱ እስከ ምሽት እንደሚመላለስ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ጡረታ ወጥቶ ቤት ከዋለ ወዲህማ፣ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት፣ ጭራሽ አልመጣሽም፤ ጉልበቴ ትያለሽ። ሠላሳ ዓመት የመታሁትን ሳላነብ እንደኖርኩ፣ ይህንንም ሳላነበው ኖሬያለሁ። አሁን ምንም አልጠይቅሽም። አትመልሺልኝ፤ ብትመልሺልኝም አላነበውም።

የጻፍኩልሽ ለሌላ ነው። ነይ። ዛሬ ነገ ሳትዪ በዚህ ወር ውስጥ ነይ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ብርሃኑ ጥሩ ነው። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለውን ወንበር ባዶ አደርግልሻለሁ። ያ ግራጫ ካፖርት ካለሽ ልበሺው፤ ብል በልቶት ከሆነም አትፈሪ፣ እሱ ቀዳዳውን አያይም። ስላረጀሽም አትጨነቂ፣ ሽበትና መጨማደድ ለእሱ ከጠፋ ቆይቷል። ቁመትሽን ያያል፣ ቀለሙን ያያል። እንደጻፍኩልሽ አላወቀም፤ ሲያይሽ ይወቅ።

እኔ በዚያን ሰዓት ወጣ እላለሁ። የምገዛው አላጣም፤ ካልሲ እገዛለሁ። ስመለስ ግን ላገኝሽ እፈልጋለሁ፤ ምሳ አብረን እንበላለን። አውቶቡሱ እንደሆነ እስከ ምሽት አለ።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ መንገዱን ያቅናልሽ። እንዳልረገምኩሽ እወቂ፤ በሦስተኛው ደብዳቤ ረግሜሽ ነበር፣ እሱም እንደተቀደደ ይቅር። እግዚአብሔር እስክትደርሺ ድረስ ያቺን ትንሽ ብርሃኑን ያቆይልን።

ቢጫ ጃንጥላ ፍለጋ አትድከሚ። ትናንት ገዝቼ ከበሩ ጀርባ ሰቅዬዋለሁ።

ብስክሌቱን የነዳሁት፣
ጓደኛሽ