አይቪ ወደ ግራ ስትዞር

ሊንድቬል፣ ሳስካችዋን
ኤፕሪል 4 ቀን 1993

ለምወድህ ልጄ ለዳርሲ፣

እንዴት ከርመሃል? ብርዱስ ጋብ አለላችሁ? ስልክ ስትደውል ከኋላህ የተሰለፉት ሰዎች ሲያጉረመርሙ ስለሚሰማኝ የማወራው ሁሉ ይጠፋብኛል። ዛሬ አባትህ ትራክተሩ ሥር ገብቶ ሲሳደብ፣ ጃኔልና ልጅህም ከላይ እንቅልፍ ወስዷቸው፣ ጊዜ ሳገኝ ልጻፍልህ ብዬ ተቀመጥኩ።

የምትሠራበት የማዕድን ማውጫ ድረስ ጭንቀት አልልክብህም ብዬ በስልክ ያላነሳሁት ነገር አለ። አሁን አልፏልና ልንገርህ።

አይቪ ስትወለድ በመሣሪያ ተስባ እንደወጣች ታውቃለህ። አንተ ከሄድክ በኋላ ጃኔል አንድ ነገር አስተዋለች፤ ልጅቷ አንገቷን የምታዞረው ወደ ቀኝ ብቻ ነው። የግራውን ጡት ትጠባለች። ወደ ቀኙ ሲያስጠጓት ግን ጀርባዋን ወደ ኋላ ለጥጣ ትጮኻለች። ወተቱ ተጠራቅሞ ጡቷ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ ጃኔልን ትኩሳት ያዛት። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጣት፤ ሕፃኗንም መረመረና “ሌላ ሕመም የለባትም፤ ክብደቷ ግን አልወደድኩትም” አለ። ነርሷ ደግሞ ቤት ድረስ መጥታ ልጅቷን ብብት ሥር ይዞ ማጥባትን አሳየቻት። እሱ ትንሽ አገዘን። ግን ጃኔል ቀኑን ሙሉ አጎንብሳ ስትታገል ትከሻዋ ተቆልፎ ፀጉሯን ማበጠር እንኳ አቃታት። ማበጠሪያውን ተቀብያት ሳበጥራት፣

“እማ ቨርና፣ የገዛ ልጄ የጠላችኝ ይመስለኛል” አለችኝ።

የጎነጎንኩትን ፈትቼ እንደገና ጎነጎንኩት።

ዶክተር ፍሪሰንን የጠቆመችን ነርሷ ናት። በጎረቤት ከተማ ያለች ካይሮፕራክተር ናት፤ አከርካሪና መገጣጠሚያ በእጇ የምታክም። አባትህ ይህን ሲሰማ ሹካውን አስቀመጠ።

“ይቺን ጨቅላ ወጌሻ ጋ? አንገቷን ቀጭ ብታደርጋትስ?”

“አምና ወገብህን ሲይዝህ እየዳህክ የሄድከው የት ነበር?”

“እኔ አሮጌ ነኝ፤ ብሰበርም ማንም አይጎዳም!”

ይህን ብሎ ሲያበቃ በማግስቱ መኪናዋን አሙቆ የጠበቀን እሱ ራሱ ነው።

ዶክተር ፍሪሰን ሳቂታ፣ ክንደ ወፍራም ሴት ናት። ከሁሉ በፊት “ሐኪም አይቷታል?” አለች፤ አዎ ብንላትም ለሐኪሙ ደውላ አረጋገጠች። ከዚያ ከሕፃኗ በፊት እናቷን አስተኛቻት። ትከሻዋን ገና ስትነካት የጃኔል እንባ ዱብ ዱብ አለ።

“አሳመምኩሽ?”

“አይ። ከወለድኩ ወዲህ ‘አንቺንስ ምን ያምሻል?’ ያለኝ ሰው ስላልነበረ ነው።”

አይቪን አቅፌ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር። ያቺ ቃል እኔንም አገኘችኝ።

ቀጥሎ የልጅቷ ተራ ሆነ። ቀጭ የሚል ነገር ከሰማሁ የሴትዮዋን እጅ ልይዝ ተዘጋጅቻለሁ። ምንም አልተንቋቋም። ቲማቲም መብሰሉን በምንሞክርበት ያህል ብቻ፣ በጣቷ ጫፍ ከልጅቷ ጆሮ ሥርና ከአገጯ በታች ጫን እያደረገች ቆየች። አይቪ አዛጋች።

“ይኸው ነው እንዴ?” አልኳት።

“ይኸው ነው፣ እትዬ ቨርና። ተአምር ከፈለጉ እኔ ጋ የለም። የተጨማደደውን አላላው ይሆናል፤ የቀረው የእሷ ነው። ሐኪሙንና ነርሷን ደግሞ እንዳትተዉ።”

የዚያን ቀን ምንም አልተለወጠም። ደግመን ሄድን፤ ያው ነው። ጃኔል ደጃፉ ላይ ተቀምጣ “በቃኝ፤ ጡጦ ልስጣት” አለች።

“ስጫት” አልኳት። “ዳርሲም በጡጦ ነው ያደገው፤ ይኸው በር አክሏል።”

ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። “እንግዲያው አንዴ ልሞክርና” አለች።

እንደገና ሄደን ስንመለስ፣ እህል ጎተራው ጋ ስንደርስ አይቪ በረሃብ አገር ይያዝልኝ አለች። አባትህ መኪናዋን አቁሞ ወረደና በዚያ ነፋስ ጀርባውን ሰጥቶን እንደ ዘበኛ ቆመ። የኋላው ወንበር ጠባብ ስለሆነ ልጅቷን ብብት ሥር ማድረግ አልተቻለም፤ ጃኔል እንዲያው እቅፏ ላይ አጋደመቻት፣ ወደ ቀኙ ጡት። ጮኸች። በአፍንጫዋ ፈለገች። ከዚያ፣ ዳርሲ፣ አንገቷን ቀስ አድርጋ ወደ ግራ አዞረችና ያዘች። ስትውጥ ይሰማል። ጃኔል ትንፋሿን ውጣ ታየኛለች።

አባትህ መስኮቱን አንኳኳ። “ለምን ፀጥ አላችሁ? ምን ሆነች?”

“ዝም በል፣ ኦሬስት! እየጠባች ነው!”

ቆቡን አወለቀ። ወደ ጎተራው ዞሮ አፍንጫውን ብዙ ተናፈጠና “ምን ዓይነት ነፋስ ነው!” አለ።

ከሁሉ የትኛው እንደረዳ ዶክተር ፍሪሰንን ጠይቄያት ነበር። “መድኃኒቱም፣ ነርሷም፣ እጄም፣ ጊዜውም ይሆናል። አይቪ እንደሆነች ማንን ላመስግን ብላ አትጨነቅም” አለችኝ። አሁን ጉንጯ ሞልቷል፤ የሰው ድምፅ ስትሰማ ግራ ቀኝ እያየች ትፈልጋለች። ጃኔልም ሰሞኑን ስታንጎራጉር ሰማኋት።

ሌላ ወሬ፦ የጎረቤታችን የማርጅ ልጅ ዳግ ለእረፍት መጥቶ ነበር። ያው የሚሠራው ካንተ ጋር በአንድ ፈረቃ ነው። ሠራተኛ በሚያመላልሰው አውሮፕላን ውስጥ ያንተ ወንበር ባዶ ነበር አለ። ሌላም ሊጨምር ሲል ኬክ አስይዤ ሸኘሁት። ለጃኔል አላነሳሁላትም፤ ‘ፈረቃው ተራዝሞብኝ ነው’ ያልካትን ታምናለች። መኪና ወደ ግቢው ሲገባ ግን ልጅቷን ይዛ መስኮቱ ጋ ትሄዳለች።

አባትህ አንተን መጀመሪያ ሲያቅፍህ ክንዱ እንጨት ሆኖ፣ እንዳትወድቅበት ላብ አጥምቆት ነበር። ይህን ነግሮህ አያውቅም መሰለኝ።

ሐሙስ፣ የሚቀጥለው የሠራተኞች አውሮፕላን በሚያርፍበት ሰዓት፣ ከተማ ጉዳይ አለኝ። ጉዳዩ ምን እንደሆነ ገና አልወሰንኩም።

እግዚአብሔር ከመሬት በታችም በላይም ይጠብቅህ፤ እጅህን ከብርድ፣ ልብህን ከፍርሃት ያሙቅልህ።

የምትወድህ እናትህ
ቨርና