የጌም ማሽኑ ስክሪንና የእኔ ቬንትሌተር

ሊድያ፣

ለክትባት ሥራ ወደ አቦቦ እየሄድኩ ነው። ሹፌሩ በር ላይ ክላክስ እያደረገ ስለሆነ አሳጥራለሁ። ቅዳሜ እመለሳለሁ።

ሳሎን ያለው የጌም ማሽን ስክሪኑ ዛሬም ቢጠፋብሽ በጥፊ አትምቺው። መጀመሪያ ከሶኬት ንቀዪው። ከዚያ የጀርባውን ክዳን ክፈቺና ወደ ስክሪኑ የሚሄደውን ግራጫ ገመድ እስከ መጨረሻው ግፊው። መልሰሽ ስትሰኪው ይበራል።

ፈረጅ እንዳለው ሙቀት አይደለም። እሱ ጎበዝ የቲቪ ጠጋኝ ነው፣ ግን ሙቀት አይደለም።

ገመዱን ያላላሁት እኔ ነኝ።

እሁድ ሪከርዴን ሰበርሽ። እሺ። ለእናትሽ ደውለሽ ማብሰር ግን ምን አመጣው? ሁለት ዓመት የያዝኩት ነጥብ ነበር። ለአንድ ቀን እንዳትጫወቺ ብዬ ነው እንጂ፣ ፈረጅን ትጠሪያለሽ፣ እሱም «ማሽኑ ነፋስ ይፈልጋል» ይላል፣ አንቺም ያለንን አንድ ቬንትሌተር ከአልጋዬ አጠገብ አንስተሽ ማሽኑ ላይ ታዞሪያለሽ ብዬ መች አሰብኩ። በዚህ በጋምቤላ ሙቀት አራት ቀን ሙሉ ማሽኑ ነፋስ ሲቀበል እኔ በካርቶን ሳራግብ ከረምኩ። ምን ብዬ ልከልክልሽ?

«ላብ በላብ ሆነሻል፣ ወባ እንዳይሆን» ስትዪኝም ሄጄ ተመረመርኩ። ሾርባ የሠራሽልኝ ቀን ግን አንጀቴን በላሽው።

ስምሽ አሁንም አንደኛ ላይ ነው፤ አልነካሁትም። የሪከርዱ ማጥፊያ የት እንዳለ ግን አውቃለሁ።

ቅዳሜ ስገባ ቬንትሌተሩ አልጋዬ ጋ ይጠብቀኝ።

አበዛሽ