የዋርሳሜ እንቅልፍና የእኔ ቬንትሌተር

ሙሉዬ፣ ተናድጄ ነው የምጽፍልሽ። እዚህ ጅቡቲ ጎረቤቴ ዋርሳሜ ትናንት ከሰዓት ጉንጩን በጫት ወጥሮ መጣና፣ «አንቺ፣ የቬንትሌተርሽ ጩኸት ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ፤ አጥፊልኝ» አለኝ።

«ጫቱስ?» አልኩት።

«ጫት ምን አደረገ? አባቴም ሲቅም ነው የኖረው።»

አብራው የመጣችው ሚስቱ ካድራ፣ «ትራስ ሦስቴ አስቀይሮኛል፤ ከጫቱ በቀር ያልከሰሰው የለም» አለች።

ለጉርብትና ብዬ አጠፋሁለት። በዚህ ወበቅ ላብ በላብ ሆኜ ሳልተኛ ነጋ። ድሬዳዋ ቢሆን የመረቀነ ሰው ጣራ ይቆጥራል እንጂ ጎረቤት አይከስም። ይባስ ብሎ ዛሬ ዓይኔ መቅላቱን ሲያይ አንድ እስር ጫት ሰጠኝ፤ ያነቃሻል ብሎ።

እትዬ ዘነቡንና ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ፖስት ካርዱ ሞላ። ቬንትሌተሬን ከፍቻለሁ። ጫቱን እሱው መስኮት ስር ለታሰረችው ለራሱ ፍየል አብልቻታለሁ። ከአሁኑ መጮህ ጀምራለች፤ እንግዲህ እሷን ያጥፋት።

አዛለች