ለሱሃይሪ፣ ስለ ደፈረሰው ነዳጅ

ልጄ ሱሃይሪ፣ አላህ ጤናህን ይስጥህ፤ በሰው አገር ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ፍየሏም መንታ ወልዳለች። ቁጣዬ ግን አልበረደም።

አባትህ ከመጥበሻ ከተረፈ ዘይት የሠራውን የጀልባ ነዳጅ፣ ሲሠራ የቀረበት ሳሙና እንዲወጣለት በውሃ ሲያጥብ፣ ውሃውን በጎማ በኃይል ለቀቀበትና ነዳጁ እንደ ኮኮናት ወተት ነጣ። ደውሎ ሲጠይቅህ አጠገቡ ነበርኩ። "አባ፣ ግድ የለህም፣ ሞተሩ ይችለዋል" አልከው። ማሌዥያ ተቀምጠህ! እሱም አምኖህ ባሕር ወጣ፤ የነዳጁ ማጣሪያ በሳሙናው ተደፍኖ ሞተሩ መሀል ባሕር ላይ ቀጥ አለ። ጎረቤታችን ማትራዊ አባትህን በማግስቱ ሲያገኘው ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር።

የተረፈውን በርሜል እኔው ያዝኩት። ሞቅ ያለ የጨው ውሃ ጨምሬ አሳደርኩትና ከሥር የተኛውን ነጭ ውሃ አፈሰስኩ። ከዚያ በአትክልት ማጠጫ ቀስ ብዬ፣ ሳልበጠብጥ፣ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ አራት ጊዜ አጠብኩት። በመጨረሻም እንፋሎቱ እስኪያልቅ አሞቅኩት። በብርጭቆ ስቀዳው ማዶ ያለው ጣቴ ታየኝ። ትዕግሥት ብቻ ነበር የሚፈልገው!

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። አባትህ ለመንደሩ ሁሉ "ልጄ ደግመህ እጠበው ብሎኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት" ይላል። "ለምን ትዋሻለህ?" ስለው፣ "ዝም በይ! ልጁ የሞተር ባለሙያ ነው፤ ስሙ ይጠፋል" አለኝ።

እባክህ ልጄ፣ ደውልለትና "ጥፋቱ የእኔ ነው" በለው። አላህ ልብህን ያራራልኝ፤ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ።

እናትህ ሙናይያ