በሼሁ ግቢ የበላሁት ገንፎ

ኅዳር 9፣ እሑድ፣ ጠዋት

ዛሬም ቆሎ። ሦስት ጭብጥ ቀርቶኛል፣ ቢበዛ አራት። ከረጢቱን ባራግፈው ባራግፈው አይበዛም።

ደረሶቹ፣ የቁርኣን ተማሪዎቹ፣ የሚጽፉበትን ሉሓቸውን አጥበው ለገንፎ ተቀምጠዋል። እኔ ከሾላው ሥር ሆኜ አያቸዋለሁ። ወረቀቴ ሆይ፣ ላንተ ካልነገርሁ ለማን እነግራለሁ? በዚህ ግቢ ክርስቲያን እኔ ብቻ ነኝ። ጌታዬ ከወንበራ ዓባይን አሻግሮ የላከኝ የዐረብ ጽሕፈት ተምሬ እንድመለስ ነው። ከአሶሳ በኩል ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ነጋዴ እየለመነ ማስነበብ ሰልችቶታል። እናም የሃያ ስድስት ዓመት ሰው፣ ዳዊት የደገምሁ ዲያቆን፣ ሆሞሻ አጠገብ ካለ የቁርኣን ተማሪ ቤት ገብቼ ከጎረምሶች ጋር ፊደል እቆጥራለሁ።

ፊደሉ አልከበደኝም። የከበደኝ ምሳው ነው። እነሱ ያረዱትን እኔ አልበላም፤ እኔ ያረድሁትን እነሱ አይበሉም። ሥጋ በተሠራበት ድስት የተገነፋ ገንፎስ? እሱን የሚነግረኝ ቄስ እዚህ የለም።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

ቆሎው አለቀ። ጠዋት መምህራችን ሼህ ሙሳ ሲያስነብቡኝ ዓይኔ ጨለመብኝ፤ አንዱን ፊደል ሦስት ጊዜ ሳትሁ።

ሲበሉ ማየቱ ግን ደስ ይላል። ሠላሳ አራት ናቸው። ለአንድ ገበቴ ሰባት ሰባት ሆነው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ገበቴ ብቻ ስድስት ነው። ታላቁ እጁን የሚሰደው ታናሹ ከጎረሰ በኋላ ነው። ሁሉም ከፊት ለፊቱ ይቆርሳል፣ ማንም ወደ ጎን አይሻማም። የጠገበም አይነሣም፤ ቀስ ብሎ የሚበላው እንዳያፍር ባዶ እጁን ከገበቴው አጠገብ አድርጎ ይጠብቀዋል። ይህን ማን አስተማራቸው? እኛ ወንበራ ቅኔ ቤት ሳለን ለምነን ያመጣነውን ቁራሽ በየጎጇችን ተደብቀን ነበር የምንበላው። ጓደኛዬ ሳያየኝ ስንት ቀን ብቻዬን በልቻለሁ። ዛሬ ትዝ ብሎኝ አፈርሁ።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ

በላሁ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የደረሶቹን ምግብ የምትሠራው ኸዲጃ የምትባል መበለት ናት። ሁሉም "እናት" ይሏታል። ሰው ሁሉ በልቶ ሲነሣ እየዞረች የየገበቴውን ሥር ታያለች፤ ማን እንደተረፈው፣ የማን ሆድ እንደታመመ ከዚያ ታውቃለች። የኔን ግን ገበቴ የለኝምና ከየት ታየዋለች? ለካ ፊቴን ስታይ ነው የሰነበተችው።

ዛሬ ኢብራሂምን ጠርታ ላከችብኝ። ኢብ. (ወረቀት ልቆጥብ) የበርታ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ከአባቱ ጋር መተከል ገበያ ሲመላለስ አማርኛ ለምዷል። እየሳቀ መጣ።

"ዲያቆን፣ እናት አዲስ ድስት ገዛ። ሥጋ አልነካም፣ ቅቤ አልነካም። እሱ ያንተ ነው ብሎ ተናገረ።"

ኢብ. ሴቱንም ወንዱንም "እሱ" ነው የሚለው። ሄጄ አየሁ። ጥቁር፣ ገና እሳት ያልጠገበ ድስት። የማሽላ ገንፎ፣ ከላዩ የደረቀ ባምያ ወጥ፣ ዳር ዳሩን የተወቀጠ ለውዝ። ባምያው ይንሸራተታል፤ መጀመሪያ ደነገጥሁ፣ ኋላ ጣቴን ላስሁ። እንዲህ ያለ ጣዕም አላውቅም። እግ/ር ይስጣት።

ኅዳር 19፣ ረቡዕ

ጾመ ነቢያት ከገባ አምስተኛ ቀን። ድስቴ ግን ጠብ አመጣ።

መሕጁብ የሚባል አለ፣ ከደረሶቹ ሁሉ ድምፁ ያማረ። ለሐበሻ ለብቻው ድስት፣ ለብቻው እንጨት፣ ለኛ የቀጠነ ገንፎ ብሎ አጉረመረመ። ኢብ. ሊሸፍንልኝ ፈልጎ ነበር፣ ግን "ሐበሻ" የምትለዋ ቃል ገባችኝ። በኋላ ኢብ. የቀረውን ከነምክንያቱ ነገረኝ። ጦር በመጣ ጊዜ የመሕጁብ አባት ቤት ከነጎተራው ተቃጥሏል። የኔ ወገን ጦር ነው። እኔ እንኳ አፌን የፈታሁት በሺናሻ ቋንቋ ነው ልበለው? ለተቃጠለ ጎተራ ይህ መልስ አይሆንም።

ሼህ ሙሳ ሁለታችንንም አስጠሩን። ቁጣ አልነበረም። እንግዳ የሚበላውን አስቦ የሚያድር ቤት ነው ቤት የሚባለው አሉ፣ አጭር ነገር። ለመሕጁብ ደግሞ ሐዘኑን አንድም ቀን እንዳልረሱት ነገሩት። መሕጁብ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ከኔ ጋር ግን አይነጋገርም።

ከዛሬ ጀምሮ እንጨቴን እኔው እለቅማለሁ።

ታኅሣሥ 2፣ ማክሰኞ

ከዛሬ ጀምሮ "እመት ኸዲጃ" ብዬ ነው የምጽፈው። በአንቱታ። ለጌታዬ ሚስት እመት ካልሁ ለእርሳቸው እንዴት እነፍጋለሁ?

እህሉ ከየደረሳው ቤት ነው የሚመጣው። ከአንዱ ነጭ ማሽላ፣ ከሌላው ቀይ፣ ከሦስተኛው ነቀዝ የበላው። እርሳቸው ይቀላቅሉታል። ከማን ቤት ምን እንደመጣ አንድ ደረሳ አያውቅም። ጠየቅኋቸው፤ ነቀዝ ያመጣው ልጅ ቀና ብሎ እንዲበላ ነው አሉ በኢብ. አፍ። በክረምት የቀርቀሃ ቡቃያ ቀቅለው ያደርቃሉ፤ አሁን ወጡ ሲሳሳ ያንን ይጨምሩበታል። ሁሌ ገንፎ፣ ግን የትላንቱና የዛሬው አንድ አይደለም። ደረሶቹ ያማርራሉ፣ የደረሳ ወጉ ነው። ገበቴው ግን ተልሶ ነው የሚመለስ።

ታኅሣሥ 14፣ እሑድ

ጨረቃ ታየች ተባለ፤ ረመዳን ገባ። አሁን ሁላችንም ጿሚ። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ እነሱ ፀሐይ እስክትጠልቅ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ። በዚህ ሐሩር! አፋቸው ደርቆም ቁርኣን ይቀራሉ፤ የመሕጁብ ድምፅ ጭራሽ አማረበት። እኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድስቴን ይዤ ከአጥር ጀርባ እሄዳለሁ፤ ፊታቸው መብላት ከበደኝ። እኔ ብሆን በሁለተኛው ቀን እጠፋ ነበር።

ታኅሣሥ 18፣ ሐሙስ

እመት ኸዲጃ ታመሙ። ንዳድ ነው። ይንቀጠቀጣሉ፣ ሰው አይለዩም። ትላንት ማታ ደረሶቹ በውሃ የተበጠበጠ ዱቄት ጠጥተው አደሩ፤ የሠፈሩ ሴቶች ግማሾቹ በዚያው በሽታ ተኝተዋል። ከደረሶቹ ማሰሮ ጥዶ የሚያውቅ የለም። ሁለቱ ሞክረው አሳረሩት።

እኔ ደግሞ አውቃለሁ። አሥር ዓመት ተማሪ ሆኜ ለራሴ አብስያለሁ። ግን ክርስቲያን ያበሰለውን ይበላሉ? ሼህ ሙሳ ዘንድ ገባሁ፣ ተንተባተብሁ። ነገ አብስል አሉ።

ታኅሣሥ 19፣ ዓርብ

እጄ ተላጠ። የአንድ ሰው ገንፎና የሠላሳ አራት ሰው ገንፎ አንድ አይደለም። ማማሰያው ቁመቴን ያህላል። ጓጎለ፣ ደግሞ ቀጠነ፣ ደግሞ ዱቄት ጨመርሁ። እመት ኸዲጃ ይህን በየቀኑ፣ ያለ አንድ ቃል! ጎንበስ ብዬ ሳማስል አደነቅኋቸው፤ ከሁሉም ይልቅ ወገቤ አደነቃቸው።

ፀሐይ ጠለቀች። ገበቴዎቹ ቀረቡ፣ ማንም እጁን አልሰደደም። ሠላሳ አራት ሰው፣ ቀኑን ሙሉ የጾመ። ሼህ ሙሳ ከቤታቸው ወጡ፤ ብቻቸውን ነበር የሚያፈጥሩት። ዛሬ ግን መጥተው ከታናናሾቹ ገበቴ ተቀመጡ፣ ቢስሚላህ ብለው ጎረሱ። ሁሉም ተከተለ።

መሕጁብ ብቻ ቀረ። በውሃ አፍጥሮ ተነሣ።

ታኅሣሥ 22፣ ሰኞ

ሁለት ነገር።

አንደኛ፣ ጠዋት ከምድጃው አጠገብ የተፈለጠ እንጨት ተከምሮ አገኘሁ። ማን? ማታ መሕጁብ ከገበቴው ተቀመጠ። አንድ ጎረሰ፣ አኘከ፣ ቀና ብሎ በተሰባበረ አማርኛ ተናገረኝ።

"ጨው የለውም።"

እውነቱን ነው፣ ጨው ረስቻለሁ። ሮጬ አመጣሁ። ከአንድ ወር በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ይኸው ነው። የተኳረፈ ሰው ገንፎ አያርምም፤ ደስ ብሎኝ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ሁለተኛ፣ ከወንበራ መልእክተኛ መጥቷል። ጌታዬ ለልደት ድረስ ይላል። የምትችለውን ያህል ተማርህ፣ ይበቃል። ካልደረስሁ በቦታዬ ሌላ ጸሐፊ አለው። እንጀራዬ ነው፤ ቀልድ አይደለም። ዛሬ ብነሣ እደርስ ይሆናል። ግን እመት ኸዲጃ ገና ከመደብ አልወረዱም።

መልእክተኛውን ብቻውን መለስሁት። የጾሙ ወር ሲፈታ እመጣለሁ ብዬ ጽፌ ሰጠሁት።

ታኅሣሥ 26፣ ዓርብ

ተነሡ! ግድግዳ ይዘው እስከ ምድጃው መጡ። ንዳድ ያለበት አይጾምምና ከድስቴ ቀመሱ። ከዚያ በበርታ አንድ ነገር ተናገሩ፣ ደረሶቹ ሁሉ ሳቁ። ኢብ.ን ያዝሁት።

"እናት፣ ልጁ ጥሩ ነው አለ። ገንፎ ግን ገና ጥሬ ነው አለ።"

ማማሰያውን ከእጄ ወሰዱ። ሁለት ጊዜ አዞሩና ደከማቸው፤ መለሱልኝ። እርሳቸው ተቀምጠው በእጃቸው እያሳዩ፣ እኔ እያማሰልሁ፣ አብረን አበሰልን። እሳቱን ቀንስ፣ ክንድህን አውርድ፣ አትቸኩል። የማታው ገንፎ እንደ ቅቤ ለሰለሰ። ከበሉት ሁሉ ያላመሰገነ የለም፣ መሕጁብ እንኳ ሁለተኛ አስጨመረ። ምስጋናው የእርሳቸው ነው፤ ክንዱ ብቻ ነው የኔ።

ታኅሣሥ 29፣ ሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ

ልደት ነው። ወንበራ ዛሬ ፍሪዳ ተጥሏል፣ ጌታዬ ግብር አብልቷል፣ ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ይሆናል። ጠዋት ብቻዬን ከሾላው ሥር ቆሜ የምችለውን ዜማ አዜምሁ። ደረሶቹ ሉሓቸውን አስቀምጠው ሰሙኝ። መሕጁብ ድምፄ ሻካራ ነው አለ፤ ዜማው ግን መልካም ነው አለ።

እመት ኸዲጃ በዓሌ መሆኑን ከኢብ. ሰምተዋል። ማር፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ የተቀባ ቂጣ በአዲስ ገበቴ ጠዋት አስቀመጡልኝ። ጾሜ ተፈቷል፣ መብላት እችላለሁ። ሁለት ጊዜ እጄን ሰደድሁ፣ ሁለት ጊዜ መለስሁ። ይህን ቂጣ ከአጥር ጀርባ ብቻዬን ልብላው?

በበዓል መጾም ነውር ነው፤ የንስሐ አባቴ ቢሰሙ ይገሥጹኛል። ግን ወረቀቴ ሆይ፣ አንተ መስክርልኝ፦ እየጾምሁ አይደለም። ሰው እየጠበቅሁ ነው። ቂጣውን ሠላሳ አምስት ቦታ እቆርሰዋለሁ። ፀሐይዋ ከቀርቀሃው ጫፍ ደርሳለች፤ ኢብ. እየጠራኝ ነው፣ ገበቴ አጠገብ ቦታ ይዞልኛል፤ ከወዲያ ማዶ መሕጁብም ፈቀቅ ብሎልኛል። ልሂድ።